ያልተሰፈረ ጥቂት፦ አማርኛ «ትንሽ» የሚልባቸው መንገዶች

ትንሽ፣ ጥቂት፣ ቅንጣት፣ ቁንጥር፣ ጭብጥ፣ እፍኝ፣ ቁራሽ፣ ፍርፋሪ፣ ጭላጭ፣ እንጥፍጣፊ፣ ሽራፊ፣ ብጣሽ፣ ጠብታ፣ ኢምንት፣ ሚጢጢ። በዚህ ላይ ሌላ አሥር ቃል ለመጨመር አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ሁሉም «ብዙ አይደለም» ይላሉ፤ ስንት እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። አንዱን በሌላው መፍታት ቀላል ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መናገር ግን አይቻልም። «እፍኝ ቆሎ» እንጂ «ጠብታ ቆሎ» የሚል የለም። «ጭላጭ ጠላ» እንጂ «ፍርፋሪ ጠላ» አይባልም። ይህ ዳሰሳ ቃላቱ ከየት እንደመጡ፣ ሰዋስዉ ምን እንደሚያደርጋቸውና ሰው ቁጥሩን እያወቀ ለምን ወደ እነሱ እንደሚሸሽ ይመለከታል። በነዚህ ነጥቦች ላይ ተመራማሪዎች የተስማሙበትም ያልተስማሙበትም አለ።

ከእጅና ከስባሪ

ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው አብዛኞቹ ስሞች ከግስ የወጡ መሆናቸውን ነው። ቆነጠረ ቁንጥርን፣ ጨበጠ ጭብጥን፣ ዘገነ ዝግንን ሰጡ። ቆረሰ ቁራሽን፣ ቆረጠ ቁራጭን፣ ሸረፈ ሽራፊን፣ በጠሰ ብጣሽን፣ ፈረፈረ ፍርፋሪን አስገኙ። ጨለጠ ጭላጭን፣ ተንጠፈጠፈ እንጥፍጣፊን ተወ። ጎረሰ ጉርሻን ወለደ። መጠኑ የሚታወቀው በዕቃው ሳይሆን እጅ ወይም አፍ በዕቃው ላይ ባደረገው ነገር ነው ማለት ነው። ከዚህ ውጭ የሚቀሩት ተፈጥሮ ራሷ አሳንሳ የሠራቻቸው ናቸው፦ ቅንጣት፣ ፍሬ፣ ዘለላ።

ከግስ የወጡት ግን አንድ ወገን አይደሉም። ቁንጥር፣ ዝግንና እፍኝ ወደ ፊት ያያሉ፤ ገና ወጥ ውስጥ ሊገቡ፣ ለሰው ሊሰጡ፣ ለአፍ ሊደርሱ ነው። ቁራሽና ብጣሽ ከሙሉው ነገር የተለየውን ክፋይ ያሳያሉ። ጭላጭና እንጥፍጣፊ ደግሞ ወደ ኋላ ያያሉ፤ ሌላው ጠጥቶ የተረፈውን ይናገራሉ። ልዩነቱ የመጠን አይደለም። የጠላው ጭላጭ ከአንድ እፍኝ ውሃ ሊበዛ ይችላል፤ ነገር ግን እንግዳ ፊት ጭላጭ ማቅረብ ነውር ነው፣ ቁንጥር ጨው ማቀበል ግን ጨዋነት ነው። «ፍርፋሪ» የሚለው ቃል ከማዕድ ሥር ያለውን ሰው አብሮ ይጠራል፤ «የዕለት ጉርስ» ደግሞ የለማኝን ክብር ሳይነካ ያንኑ ያህል ምግብ ይጠይቃል።

በዚህ ቦታ አንድ ተደጋጋሚ ግምት አለ፦ ኢትዮጵያውያን በእጅና በዓይን የሚለኩት ሚዛን ስላልነበራቸው ነው የሚል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1970 በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ ባሳተመው ተከታታይ ጥናት የአገሪቱን የቆዩ መስፈሪያዎችና ሚዛኖች ሰብስቧል። ቁና፣ ዳውላ፣ ጉንዶ፣ ስንዝር፣ ክንድ፣ ነጥር፣ ፈረሱላ ሁሉ ነበሩ። እውነት ነው፣ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ይለያይ ነበር፤ «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ምሳሌ ሰፋሪው እጁን እንደሚያጠብቅና እንደሚያላላ ያወቀ ሰው ምሳሌ ነው። ነገር ግን ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት በአንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም አካባቢ፣ ተይዞ ነበር። ወርቁን በወቄት የመዘነ ነጋዴ ማታ ቤቱ ገብቶ «እስቲ ትንሽ ቆሎ አምጪ» ይላል። ሚዛን አጥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሜትር፣ ሊትርና ኪሎ የሕግ መለኪያ ከሆኑ በኋላም ገበያው መደቡን፣ ጣሳውንና ሲኒውን አልተወም። ድንችና ቲማቲም ዛሬም በመደብ ይሸጣል፤ ኪሎው አጠገቡ ተቀምጦም ገዢዋ «ምራቂ ጨምሪልኝ» ትላለች። ምራቂው የሚመዘን ቢሆን ኖሮ ምራቂ አይባልም ነበር።

ስለ ድምፃቸውም የሚባል ነገር አለ። ጥቂት፣ ጥቃቅን፣ ቅንጣት፣ ቁንጥር፣ ጠብታ፣ ነቁጥ፣ ጭላጭ፣ ፍንጣቂ፣ ሚጢጢ፣ እነዚህ ሁሉ ጥ፣ ቅ ወይም ጭ አላቸው፤ ሚጢጢ ደግሞ አፍን በሚያጠብብ አናባቢ ተሞልቷል። ኤድዋርድ ሳፒር እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ድምፅን ከትልቅነትና ከትንሽነት ጋር እንደሚያያይዙ ካሳየ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ነገር ያጓጓል። ችግሩ ትልቅም ቅ አለው፣ ጥቅጥቅም ሞልቶታል፣ ቁልልም በቁ ይጀምራል፤ ከሁሉ በላይ የምንናገረው ትንሽ ራሱ አንዱም የለውም። ስለ ሚጢጢ ልናምን እንችላለን፤ ስለ ቀሪው ዝርዝር ግን ፈራጁ ጆሮ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ሄዶ ቃሉ ሲቀር

የገንዘብ ቃላት ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ዕድሜያቸው ስለሚታወቅ። በምኒልክ ዘመን በወጣው ገንዘብ አንድ ብር 32 ቤሳ ነበር። ቤሳ ከገበያ ከጠፋ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ግን ዛሬም ቤሳን አይቶ በማያውቅ ወጣት አፍ ይነገራል። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ብሩ በመቶ ተከፍሎ «መቶኛ» የሚል ሳንቲም ወጣ። ይህ ቃል በአባባል ውስጥ አልተረፈም፤ ዛሬ መቶኛ ሲባል ፐርሰንት ነው የሚታሰበው። ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ሳንቲም ግን ወዲያው ሥር ሰደደ፦ ሰባራ ሳንቲም፣ ሽርፍራፊ ሳንቲም። የሃያ አምስቱ ሳንቲም ስሙኒ፣ የሃምሳው ሽልንግ መባላቸው ሳይረሳ ዋጋቸው ጠፋ።

አንዱ ለምን ተረፈ፣ ሌላው ለምን ሞተ? ቀላሉ መልስ የመጨረሻው ትንሽ ገንዘብ ነው የሚተርፈው የሚል ነው፤ ከዚያ በታች የማይወረድበት ስለሆነ «የለም» ለማለት ይመቻል። ግን አንድ መቶኛም በጊዜው የመጨረሻው ነበር። ምናልባት ዕድሜው ማጠሩ ጎድቶት ይሆናል፣ ከወጣ በአምስት ዓመቱ የጣልያን ወረራ መጥቷልና። ሽራፊ የሚለውንም ሲሸረፍ ዋጋው ይወርድ ከነበረው አሞሌ ጨው ጋር ማገናኘት ደስ ይላል። ሸረፈ ግን ለጥርስም፣ ለሸክላም፣ ለቢላም የሚሠራ ግስ ነው፤ አሞሌ ሳይኖርም ሽራፊ ይኖር ነበር። ዛሬ «ሽራፊ ጊዜ» ማለታችንም ቃሉ ከጠንካራ ነገር ሁሉ እየተላቀቀ መሄዱን ያሳያል።

ሰዋስዉ የሚሠራው ሥራ

ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ቃልን ለብቻው ስለሚይዝ ትንሽን እንደ አንድ መጠን ያቀርበዋል። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን መጠኑን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቃሉ አይደለም።

ከሁለቱ ዋና ቃላት እንጀምር። ትንሽ መጠንንም ቁመናንም ይገልጻል፦ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ስኳር። ጥቂት ቁመና አይገልጽም፤ «ጥቂት ቤት» ያለ ሰው ስለ ቤቶች ቁጥር እንጂ ስለ አንድ ጠባብ ቤት አይናገርም። ስለዚህ «ትንሽ ሰዎች» አሻሚ ነው፣ «ትንንሽ ሰዎች» ቁመናን ብቻ፣ «ጥቂት ሰዎች» ቁጥርን ብቻ ይይዛል። ቃሉን መድገም እንኳ ሥራ አለው፦ «ትንንሽ» ያነሱ ብዙ ነገሮች ናቸው፣ «ትንሽ ትንሽ» ግን በየጊዜው የሚደረግ ጥቂት ነው፣ «ጥቃቅን» ደግሞ እስከ ንቀት ይደርሳል።

ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ረቂቅ ነው። «ትንሽ ገንዘብ አለኝ» ያለ ሰው ሊያበድር ይችላል። «ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው» ያለ ግን አትጠይቁኝ እያለ ነው። በኪሳቸው ያለው እኩል መቶ ብር ሊሆን ይችላል። ሊንዳ ሞክሲና አንቶኒ ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው መጽሐፋቸው የመጠን ቃላት ሥራ ቁጥርን ማስተላለፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰሚውን ትኩረት ወደ ተገኘው ወይም ወደ ጎደለው ክፍል መምራትም እንደሆነ ተከራክረዋል። የእነሱ ማስረጃ የእንግሊዝኛ ነው፣ በዚያም ሥራውን የሚከፋፈሉት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አማርኛ ያንኑ ሥራ በቃሉ ቦታ ይሠራዋል። «ጥቂት ተማሪዎች መጡ» ካልን በኋላ ወሬው ስለ መጡት ይቀጥላል፦ ተመዘገቡ፣ ተቀመጡ። «የመጡት ተማሪዎች ጥቂት ናቸው» ካልን ግን ሰሚው ወዲያው ሌሎቹ የት ቀሩ ይላል። ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው፤ ቃሉን በትክክል ያስቀምጡታል፣ ቦታውን ግን ያበላሹታል።

ፆታም ይገባበታል። አማርኛ አንድን ነገር ለማሳነስ ወይም ለማቆላመጥ ወደ ሴት ፆታ እንደሚወስደው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ ያለ ሲሆን ማንም ተናጋሪ ያውቀዋል። «አንዲት ስንዝር መሬት»፣ «አንዲት ቃል አልወጣትም»፣ «ይቺን ታህል»። እዚህ ላይ «ያህል» እና «ታህል» ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ይታያል፦ «አሥር ያህል ሰው» ግምት ነው፣ «ቅንጣት ታህል» ግን ማሳነስ ነው፤ የሴቷ ት መጠኑን ዝቅ አድርጋዋለች። ይኸው ፆታ ግን ሁለት ፊት አለው። «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ» የምትል አስተናጋጅ ጭልፋውን የምታሳንሰው እንግዳው እንዳይከብደው ነው። «በዚች ደመወዝ እንዴት ይኖራል?» የሚል ሠራተኛ ደግሞ ያሳነሰው ሊያዋርደው ነው። ሰዋስዉ አንድ፣ ስሜቱ ሁለት። ማሳነስና ማቆላመጥ አንድ ትርጉም ናቸው ወይስ በአንድ ቅርጽ የተጠለሉ ሁለት ትርጉሞች የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ ብቻ የተነሣ አይደለም፣ እስካሁንም እልባት አላገኘም።

ትንሽን ስም ላይ ሳንለጥፍ ግስ ውስጥ የምናስገባበት መንገድም አለ፤ በእኔ ግምት የአማርኛ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። «በሩን ከፈት አደረገው» እና «በሩን ክፍት አደረገው» የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው በጥቂቱ፣ ሁለተኛው በሰፊው ነው። መንግሥቱ አምበርብር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው የግስ ጥናት ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ይህ የማለዘብና የማጥበቅ ጥንድ ነው። ቀመስ አደረገ፣ ጎንጨት አለ፣ ቆንጠር አደረገ፣ ዘግየት አለ፣ ረዘም ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ። ታማሚው «ሻል ብሎኛል» ሲል ድኛለሁም አልዳንኩምም አላለም። የታክሲው ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው «ተጠጉ» ቢል ትእዛዝ ስለሚሆንበት ነው፤ የሚጠየቀው ሴንቲሜትር ግን ያው ነው። ገበያ ላይ «ቀንሺ» ጠብ ሊያነሣ ይችላል፣ «ቀነስ አድርጊ» ድርድር ይከፍታል። (እንግዳው «አረፍ በል» ተብሎ ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ ማሳነሱ የማን ላይ እንደሠራ ሌላ ጉዳይ ነው።) እዚህ ላይ ያለው ጥያቄ የሚቀነሰው የድርጊቱ መጠን ነው ወይስ የንግግሩ ጉልበት የሚል ነው። «ከፈት አደረገው» ላይ በሩ በእርግጥ በጥቂቱ ተከፍቷል። «ቀነስ አድርጊ» ላይ ግን ገዢው በጥቂቱ ብቻ እንዲቀነስለት አይፈልግም፤ ግማሹ ቢወርድለት ደስ ይለዋል። ሁለቱን በአንድ ደንብ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከትንሽ ወደ ምንም

ትንሽ ቃል አሉታ ውስጥ ሲገባ ባሕርዩን ይለውጣል። «ጠብታ ውሃ አልቀመሰም»፣ «ቅንጣት ርኅራኄ የለውም»፣ «ስንዝር አይነቃነቅም»፣ «ለዘር እንኳ አልተረፈ»። ይህን ያህል ትንሽ እንኳ ከሌለ ምንም የለም ነው ነገሩ። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ጠብታ ነፃ ነው፣ «ጠብታ ማር አገኘ» ማለት ይቻላል። ቅንጣት ወደ አሉታው ያደላል። «ቤሳ ቤስቲን» ደግሞ ከአሉታ ውጭ አይኖርም፤ «ቤሳ ቤስቲን አለኝ» ያለ ሰው እየቀለደ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ «የትንሽ ቃላት» ብሎ አንድ ላይ መደርደር ስሕተት ነው። አንዳንዶቹ መጠን መናገር አቁመዋል፣ የሚሠሩት አሉታን ማጠንከር ብቻ ነው። ኢምንት ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ተጉዟል። በግዕዝ ኢ አሉታ፣ ምንት ምን ነው፤ ቃሉ ምንም ማለት ነበር። ዛሬ «ኢምንት ጥቅም» ስንል ጥቅሙ አለ፣ ግን እዚህ ግባ አይባልም። ከምንም ተነሥቶ ወደ ትንሽ ወጣ።

ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1917 የቋንቋዎች አሉታ በእንዲህ ዓይነት ቃላት እየታደሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በፈረንሳይኛ እርምጃ ማለት የነበረው ፓ መጀመሪያ «አንድ እርምጃ እንኳ» ለማለት ገባ፣ በኋላ ግን ራሱ አሉታ ሆነ፤ ፍርፋሪና ጠብታ ማለት የነበሩ ቃላትም በዚያው መንገድ ተሞክረው ወደ ኋላ ቀርተዋል። አማርኛ እንዲህ አድርጓል ወይ? ቅንጣትም ስንዝርም አሉታ አልሆኑም። ነገር ግን «አልመጣም» መጨረሻ ላይ ያለችው ም ታጠያይቃለች። «ያልመጣ»፣ «ካልመጣ»፣ «ስላልመጣ» ላይ የለችም፤ እንግዲያው አሉታውን የተሸከመችው እሷ አይደለችም። «አንድም»፣ «ምንም»፣ «ማንም»፣ «አንዳችም» ላይ ደግሞ አለች። «እኔም» ላይ ያለችው ም እሷው ናት፣ ማጠንከሪያ ሆና ገብታ ቋሚ ሆነች የሚል አስተያየት አለ። ቅርጿ ተመሳሰለ እንጂ ዘሯ አንድ መሆኑ አልተረጋገጠም የሚልም አለ። የመጀመሪያው ወገን ልክ ከሆነ አማርኛም የፈረንሳይኛን መንገድ ግማሹን ሄዷል፣ በትንሽ ስም ፋንታ በትንሽ ፊደል።

ቁጥር ሆነው ቁጥር ያልሆኑ

«አንድ አሥር ሰው ይሆናል» ውስጥ አንድ ቁጥር አይደለም፤ አሥሩን ማላላቱ ነው። «አንድ ሁለት ቀን ስጠኝ» ሦስትም አራትም ሊሆን ይችላል፣ ስምንት ግን አይሆንም። «ሁለት ሦስት»፣ «አምስት ስድስት» ሁሌ ጎረቤት ቁጥሮችን ያጣምራሉ፤ «ሁለት አምስት ሰው» የሚል የለም። እንግዲህ ልቅነቱም ደንብ አለው።

የከተማው ልጅ ደግሞ ምናምንን አመጣ፦ ሃያ ምናምን ብር፣ አሥራ ምናምን ሰው። ቃሉ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ረብ የለሽ ነገር ምናምን፣ ረብ የለሽ ሰው ምናምንቴ ይባል ነበር። አዲሱ ነገር ቁጥር ላይ ተለጥፎ የማይጠቅመውን ትርፍ መዝጊያ መሆኑ ነው። «ሃያ ምናምን» ያለ ልጅ ሃያ ሦስት መሆኑን ሊያውቅ ይችላል፤ ሦስቱ ለወሬው አያስፈልግም ማለቱ ነው። ይህን የአራዳ ልጅ ስንፍና የሚሉ ሽማግሌዎች ራሳቸው «ሃያ ገደማ» ይላሉ። ልዩነቱ ግን አለ፦ ገደማ ከሃያ በታችም ይወርዳል፣ ምናምን ሁሌ ወደ ላይ ነው። እንዲያውም ምናምን ከገደማ ይልቅ ትክክለኛ ነው ማለት ይቻላል፣ ለአራዳ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የማይሰጥ ምስጋና ቢሆንም።

በጽሑፍ ቋንቋ የተስፋፋው ግን ሌላ ነው፦ «የተወሰነ»። የተወሰነ ሰው መጣ፣ የተወሰኑ ችግሮች አሉ፣ የተወሰነ ለውጥ ታይቷል። ወሰን የተበጀለት ማለት የነበረ ቃል ወሰኑ የማይታወቀውን ሁሉ መጥሪያ ሆነ። አንዳንድ የሚለው የቆየ ቃል እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? ቢሮ ስለሚመስል ነው ብዬ አስባለሁ። አንዳንድ ሲባል ተናጋሪው አላጣራም ይባላል፤ የተወሰነ ሲባል አንድ ቦታ ዝርዝሩ ያለ ይመስላል።

ለምን አይቆጠርም? ሦስት መልሶች

የመጀመሪያው መልስ፣ የመለኪያ እጥረት፣ ከላይ በወቄቱ ተመልሷል።

ሁለተኛው የባህል መልስ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ አማራው አሻሚነትን እንደ ጥበብ እንደሚያከብርና ዘመናዊ አሠራር ግን ግልጽነትን እንደሚጠይቅ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ልቅ ንግግር ሁሉ በዚያ መነጽር መታየቱ ተለምዷል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይዘነጋል። ሰምና ወርቅ ሁለት የታወቁ ትርጉሞች አሉት፤ ሰሙ ይሄ ነው፣ ወርቁ ያ ነው ብሎ መፍታት ይቻላል። መጠን የሚናገረው «ትንሽ» ግን አንድ ትርጉም ነው ያለው፣ ድንበሩ ብቻ ነው የማይታወቀው። አሻሚነትና ድንበር የለሽነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቅኔ የሚፈታ ሰው «ትንሽ ቆይ»ን ሊፈታው አይችልም። ከዚህም በላይ ጆአና ቻኔል እ.ኤ.አ. በ1994 «ልቅ ቋንቋ» በሚለው ጥናቷ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም፣ በምሁራዊ ጽሑፍ ሳይቀር፣ ሳይቆጥሩ እንደሚናገሩ አሳይታለች። ነገሩ የአማራ ብቻ ከሆነ የእንግሊዙን ማስረዳት ይቸግራል። የሌቪን ወገን ሊመልስ የሚችለው ሁሉም ሕዝብ ይጠቀምበታል፣ መቼ እንደሚጠቀምበት ግን ይለያያል በማለት ነው። ይህ ደካማ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ቃሉ የሚለካው ዝምድናን ነው የሚል ነው። ማስረጃው ማዕድ ላይ ነው። እንግዳ ሲቀርብለት «ትንሽ ብቻ» ይላል፣ አስተናጋጇም «ይቺን ብቻ» ትላለች፤ ሁለቱም ትንሽ አሉ፣ ሳህኑ ግን ይሞላል። «ለአመል ያህል»፣ «ለቅምሻ»፣ «ለወጉ»፣ «ጉሮሮ ማርጠቢያ» የሚባሉት ሁሉ የሚናገሩት ስለ ምክንያት እንጂ ስለ መጠን አይደለም፦ እምቢ አላልኩም፣ አልጠገብኩምም። እዚህ ላይ የጥንቱ የክምር እንቆቅልሽ፣ ከክምር አንድ አንድ ፍሬ ሲነሣ መቼ ክምር መሆኑ ይቀራል የሚለው፣ ብዙም አይረዳም። ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳደረገው ለእያንዳንዱ መጠን ከዜሮ እስከ አንድ የትንሽነት ደረጃ መስጠት ለማሽን ይጠቅማል፤ አስተናጋጇ ጭልፋውን የምታነሣው ግን ያንን አስልታ አይደለም። እኔ ለዚህ ሦስተኛ መልስ አደላለሁ፣ በአንድ ቅሬታ፦ ሁሉንም ነገር ዝምድና ነው ካልን «ቁንጥር ጨው» ውስጥ ያለው እውነተኛ መጠን ይጠፋል። በሁለት ጣት የሚያዝ ጨው በማንም ጣት ቢሆን እፍኝ አይሆንም።

ዝምድናው ጨለማ ጎንም አለው። ጉርሻ በፍቅር የሚሰጥ ነው፣ ለአስተናጋጅ የሚተው ጥቂት ብርም ጉርሻ ነው። «የሻይ» ግን ከዚያ አልፎ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሊሆን ይችላል፤ «ትንሽ ነገር ጣል አድርግ» ሲባል ትንሹ ብዙ ሺህ ብር ሊሆን ይችላል። ኬንያውያንም ጉቦን ኪቱ ኪዶጎ፣ ትንሽ ነገር፣ ይሉታል። ሰጪም ተቀባይም የሚያሳንሱት ገንዘቡን አይደለም፣ ጥፋቱን ነው።

ጥቂትና ጥቃቅን በመንግሥት ቋንቋ

ልቅ ቃል ሕግ ውስጥ ሲገባ ቁጥር ይለብሳል። «ጥቃቅንና አነስተኛ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተከለሰው ስትራቴጂ ጥቃቅን ማለት እስከ 5 ሠራተኛ ያለው፣ ጠቅላላ ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 100,000 ብር፣ በአገልግሎት እስከ 50,000 ብር የሆነ ድርጅት ማለት ሆነ። ቃሉ ከገበሬ ማጀት ወጥቶ የባንክ ቅጽ ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን የብር ዋጋ ሲወርድ፣ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 100,000 ብር የዚያን ጊዜው 100,000 ብር አይደለም። ቁጥር ያረጃል፣ በየጊዜው መከለስ ይፈልጋል፤ ጥቃቅን የሚለው ቃል ግን ማንም ሳይከልሰው ከዋጋው ጋር ይሄዳል። ይህን ልቅ ቃላትን ለመከላከል የሚያነሡ አሉ፣ ትክክልም ናቸው። ግብር የሚከፍል ወይም ብድር የሚጠይቅ ሰው ግን በየት በኩል እንደተመደበ ማወቅ አለበት፤ ለእሱ ያረጀ ቁጥር ከማያረጅ ቃል ይሻላል።

በዜናና በመግለጫ ያለው ክርክር ከዚህ ይከራል። «ጥቂት ግለሰቦች»፣ «እፍኝ የማይሞሉ ኃይሎች»፣ «መጠነኛ ጉዳት» የሚሉት ቁጥርን ከመደበቅ በተጨማሪ ያሳንሳሉ። «እፍኝ የማይሞሉ» የሚለው በተለይ ሰውን ከእህል ጋር ይሰፍራል። በሌላ ወገን ያለው ደግሞ «በትንሹ» ይላል፣ «ቢያንስ» ይላል። እነዚህ ሁለት ቃላት ከትንሽና ከማነስ ቢወጡም የሚሠሩት ማብዛት ነው፦ ከዚህ አይወርድም፣ ሊበልጥ ግን ይችላል። አርታኢዎች ጥቂት የሚለው ቃል ያለ ቁጥር እንዳይጻፍ ሊያዙ ይችላሉ፤ ቁጥሩ በማይታወቅበት ቀን ግን ትእዛዙ ጸሐፊውን ወደ «የተወሰነ» ይገፋዋል፣ ያ ደግሞ አልተሻለም። ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ሰፈር፣ ስለ አንድ ቁጥር፣ አንዱ «ጥቂት ሰዎች» ሲል ሌላው «በትንሹ ሠላሳ ሰው» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ።